ዘመድኩን ያለበሰው የዶሮ ቤት

ወለተ ሐና ውሸታም ሴት አይደለችም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርላት። በቡታጅራ ገበያ የቆየ እንቁላል ትኩስ ነው ብላ ሸጣ አታውቅም። በጎረቤት መካከል ወሬ አመላልሳም አታውቅም። አፏ ላይ የተጣበቀች አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ «ደህና» የምትባል። ጉልበቷን ሲቆረጥማት ደህና ነኝ ትላለች። በርበሬው ማሳ ላይ ሲጠወልግ ደህና ነው ትላለች። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አገሩ በሞላ ደህና ነኝ እያለ ነው የሚኖረው። እሷን ግን ይህች ቃል አቃጠለቻት፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ቤቷ ከከተማው ዳር፣ የዘቢዳር ተራራ ከጓሮ ወለል ብሎ በሚታይበት ሰፈር ነው። ከኋላ እንሰቷ፣ ከፊት የዶሮ ቤቷ። የዶሮውን ቤት የሠራው ባሏ ገብረወልድ ነበር። ገብረወልድ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ፣ አንዲት ሚስማር ለመምታት ሦስቴ የሚያስብ ሰው ነው፤ የዚያን ቤት ጣሪያ ሲከድን ሰፈሩ ስቆበታል። «ለዶሮ ነው ለጳጳስ?» ይሉታል። እሱ ግን ሣሩን ደራርቦ፣ ጠቅጥቆ፣ ጠርዙን ቁልቁል ለቆ ከደነው። «ሣር ይተነፍሳል» ይል ነበር። ከዚህ በላይ አያብራራም፤ ማጭዱን ክዳኑ ውስጥ ሻጥ አድርጎ ወደ እንሰቱ ይሄዳል።

ወለተ ሐና በዚያ ቤት መጀመሪያ የአበሻ ዶሮ፣ በኋላም የፈረንጅ ዶሮ አረባች። ሌላው ሰው የአየሩን ነገር ከሬዲዮ ይሰማል፤ እሷ ከዶሮዎቿ ነበር የምትሰማው። ድሮ የካቲት ላይ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ዶሮዎቹ ላባቸውን አራግፈው ይጫወቱ ነበር። እያደር በልጉ መዘግየት ጀመረ፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይቀራል። መጋቢት ሲገባ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ጥሬውን ትተው ውሃ ውሃ ይላሉ፤ የእንቁላላቸው ቅርፊት ይሳሳል። ሰፈሩ ስለዚህ ነገር ያላለው የለም። አንዱ እግዜር ተቆጥቶ ነው ይላል፣ አንዱ ዛፉ አልቆ፣ አንዱ ደግሞ ከተማው ሰፍቶ። ወለተ ሐና ግን «ሰማዩ አመሉን ለውጧል፤ እኛም አመላችንን መለወጥ ነው» ብላ ጥሬውን ጎሕ ሳይቀድ መስጠት ጀመረች። ውሃቸውን ከብረት ጣሳ ወደ ሸክላ ገልብጣ ከጥላ ሥር አኖረችላቸው። ስለዚህ አላወቀችም እንዳትሉ፤ ያውም አሳምራ ታውቅ ነበር። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

አንድ ልጅ አላት፣ ዘመድኩን። አዲስ አበባ መርካቶ የሸቀጥ ሱቅ አለው። አባቱ ገብረወልድ ከእንሰቱና ከመሬቱ እንዳይለይ ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ግን አንድ ማለዳ የአባቱን ምርቃት ሳይቀበል ሄደ። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ቀሩ። የጉራጌ ልጅ ዓመቱን የትም ይክረም፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ዘመድኩን ለመስቀልም አልመጣ አለ። ገብረወልድ ስሙን አይጠራም። ግን በየመስቀሉ ከክትፎው አንድ ጣባ ለይቶ ኮባ፣ የእንሰቱን ቅጠል፣ አልብሶ ቆጡ ላይ ያኖራል። ማግስቱን ራሱ አውርዶ ለጎረቤት ይሰጣል፤ የዚያ ጣባ ነገር በቤቱ ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

ከዚያ ገብረወልድ ታመመ። ዘመድኩን ሁልጊዜ እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። «አባዬ እንዴት ነው?» ሲላት ወለተ ሐና ወደ አልጋው ታያለች፣ ገብረወልድ ራሱን ይነቀንቃል። «አትንገሪው፤ ለበሽታዬ ብሎ ሳይሆን በራሱ እግር ይምጣ» ብሏታል። እሷም «ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው፣ ደህና ነው» ትላለች። ደህና ነው እያለች ገብረወልድ አንድ ሌሊት አለፈ። ዘመድኩን መርዶውን ሰምቶ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ አፈር ለብሶ ነበር። ልጁ መቃብሩ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም። እናቱን ግን አንድም አልተናገራትም፤ ዓይኗን አየት አድርጎ ብቻ ተመለሰ።

በቀጣዩ መስቀል ዘመድኩን መጣ። ባዶ እጁን አይደለም፤ በአይሱዙ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ጭኖ፣ አናጢ ይዞ ነው የመጣው። «እማዬ፣ ያ የበሰበሰ ሣር ይውረድልሽ። የዶሮ ቤትሽን በቆርቆሮ ላልብስልሽ» አላት። ሰፈሩ እልል አለ። ሣሩን ሊያወርድ ራሱ ወጣ። ወለተ ሐና ከታች ቀና ብላ ስታይ እጁን ክዳኑ ውስጥ ሰድዶ አንድ ነገር ጎተተ፤ የአባቱን ማጭድ። ዘመድኩን ማጭዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ቁጭ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ያየው አልመሰለውም፤ እናቱ ግን አየችው። ቆርቆሮው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ላልደረሰበት ቀብር የመጣ ለቅሶ ነው።

ቤቱ አልቆ ጎረቤቶች «ቤት ለእንቦሳ!» ብለው ገቡ። «እንቦሳ እሰሩ!» አለች ወለተ ሐና፤ የዶሮ ቤት መሆኑን ረስታ። ሁሉም ሳቀ፤ ዘመድኩንም ሳቀ። ልጇ እቤቷ ሲስቅ ስንት ዓመቱ!

የአጥር ጎረቤቷ ከድጄ ግን ቆርቆሮውን ቀና ብላ አይታ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ከድጄም ዶሮ ታረባለች፤ እሷም አምና ሣሯን በቆርቆሮ ለውጣ በሙቀቱ የደረሰባትን አይታለች። በጋው እስኪገባ አፏን ያዘች፤ ከዚያ በላይ ግን ሆዷ አልቻለም። «እትዬ ወለተ ሐና፣ ይሄ ነገር መጋቢት ላይ ምጣድ ነው የሚሆንብሽ። እኔ ከላይ ሣርና ኮባ አልብሼ በገመድ ጠፍሬዋለሁ። ነይ እኔው ላልብስልሽ» አለቻት።

«ኧረ ወዲያ! ልጄ በቆርቆሮ ያለበሰልኝን እኔ ቅጠል ላልብሰው? ሰው ምን ይለኛል? ቆርቆሮው ያፈሳል ሊሉ ነው?»

«ሰው የፈለገውን ይበል፤ ዶሮዎቹ ግን ይበስላሉ።»

«ደህና ናቸው» አለች ወለተ ሐና።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። ሰው ምን ይለኛል ያለችው ግን ሽፋን ነበር። የሰውን አፍ አይደለም የፈራችው፤ የልጇን ትከሻ ነው። ኮባ ያየ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ደግሞ «የአባትህ ሣር ይሻል ነበር» ማለት ይመጣል። ያን ለመናገር አንጀቷ አልችል አለ።

የዚያ ዓመት በልግ ቀረ። ሰማዩ ጠዋት ደመና አሳይቶ ያጓጓና ቀትር ላይ ይከዳል። ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። በጾም ክርስቲያኑ ዶሮም እንቁላልም አይገዛም፤ ስለዚህ ወለተ ሐና እንደማንኛውም ክርስቲያን ዶሮ አርቢ ዶሮዎቿን ለፋሲካ ትጠብቃለች። ሲጠብቁ ያድጋሉ፣ ሲያድጉ ቤቱ ይጠባል። ከድጄ እንደገና መጣች። «እትዬ፣ ግማሹን ስጪኝና ለእኛ ሰው ለማፍጠሪያ ልሽጥልሽ። ቤቱ ሲሳሳ የቀሩት ይተነፍሳሉ።»

ይህም ጥሩ ምክር ነበር። ግን ዘመድኩን በስልክ «ለፋሲካ እመጣለሁ እማዬ። ያለበስኩትን ቤት ሞልቶ ልየው» ብሏታል። ሞልቶ ልየው! እናት ይህን ከሰማች በኋላ ማን ያሳሳዋል? «ይቆዩልኝ ከድጄ፤ ልጄ ሞልተው ሊያያቸው ነው» አለቻት።

መጋቢት ሲያልቅ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት ቄብ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ በየቀትሩ። ሰፈሩ ፈንግል ገባ አለ፤ ፈንግል የዶሮ ቸነፈር ነውና አንዷ ሴትዮ አጥሯን እስከ መዝጋት ደረሰች። የእንስሳት ሐኪሙ ደረጄ መጥቶ አንዷን ከፍቶ አየ። «በሽታ የለባትም እናቴ፤ ሙቀት ነው። ጣሪያውን ምንም ምንም ብለው ይሸፍኑት» ብሏት ሄደ። ምንም ምንም! እሷን የቸገራት መሸፈኑ ነው። ጣሪያውን ላለመንካት ያላደረገችው ነገር የለም። በሩን ቀኑን ሙሉ ከፍታ እሷው ደፍ ላይ ተቀምጣ ጭላት ትጠብቃለች። ወለሉን ውሃ ታርከፈክፋለች። ቀትር ላይ መሐላቸው ገብታ እንጀራ የምታወጣበትን ሰፌድ ይዛ እንደ ባሪያ ታራግባለች። የደከሙትን በጉያዋ ይዛ ወደ መኝታ ቤቷ ወስዳ ከአልጋዋ ሥር ታስተኛለች። ሌሊት ከአልጋዋ ሥር ሲንኮሻኮሹ እየሰማች ታድራለች።

እሑድ ስልኩ ይጮኻል። «እማዬ፣ ቆርቆሮው እንዴት ነው?»

«ያበራል ልጄ! ከአስፋልቱ ይታያል አሉኝ።»

«ዶሮዎቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

ስልኩን ስትዘጋ ከድጄ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሰምታታለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሄ የእናንተም የእኛም ተረት ነው» አለቻት። ወለተ ሐና ሰፌዷን አንሥታ ወደ ዶሮዎቹ ገባች።

ስቅለት ደረሰ። በስቅለት ቀን ክርስቲያን ቤቱ አይውልም፤ ከማለዳ እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ነው የሚውለው። በሩን ከፍታ እንዳትሄድ ሸለምጥማጡም ጭላቱም አለ፤ የበዓል ሰሞን ደግሞ ባለ ሁለት እግሩ ሸለምጥማጥ ይብሳል። የተረፉት ለልጇ የምታሳያቸው ናቸው። የዶሮውን ቤት ዘጋች፣ የግቢውን በር ቆለፈች፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች። ለከድጄ ልስጣት ብላ አስባ ነበር፤ ነገር ግን ከድጄ ገብታ ኮባ ታለብሰዋለች ብላ ፈራች። የፈራችው ይህን ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ቀኑ እሳት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰዎች እየሰገዱ በላብ ይጠመቃሉ። ወለተ ሐና በሰገደች ቁጥር መቀነቷ ውስጥ ያለው ቁልፍ ጎኗን ይወጋታል። ቀትር ላይ ልቧ ፈራ፤ ልሂድ ብላ ተነሥታም ነበር። «ለዶሮ ብዬ ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት ጥዬው ልሂድ?» አለችና ተመልሳ ሰገደች። ማታ ካህኑ እንደ ልማዱ በወይራ ቅጠል ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቷን ነግረው አሰናበቷት።

ስትመጣ ከድጄን ከአጥሩ ሥር አገኘቻት። ከወገቧ በታች ርሳለች፣ አጠገቧ ባዶ ጀሪካን ተደርድሯል። ከድጄ ቀትር ላይ የዶሮዎቹን ጩኸት ሰምታ በሩን ብትገፋው ተቆልፏል። ከዚያ በኋላ ውሃ እየቀዳች በአጥሩ ላይ በጣሳ ወደ ቆርቆሮው ስትወረውር ነው የዋለችው። ግማሹ ውሃ አይደርስም፤ የደረሰውም ጭስ ይላል። «ሲጮሁ ነበር እትዬ። ወላሂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጮሁ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ» አለቻት።

ወለተ ሐና በሩን ከፈተች። ዶሮዎቹ ሁሉ በሩ ሥር ነበሩ፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ምንቃራቸው ወደ ስንጥቁ። አየር ፍለጋ የመጡበት ስንጥቅ ነው። አልጮኸችም። ደረቷንም አልመታችም። አንዷን አንሥታ አቀፈቻትና «ከፍቼላችሁ ብሄድ ኖሮ» አለች። ሁለቱ ሴቶች ከእንሰቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። ከድጄ እያለቀሰች ነበር የምትቆፍረው።

ዘመድኩን ቅዳሜ ቀትር ላይ ደረሰ። በግና የተቆላ ቡና፣ ለእናቱም ጥበብ ቀሚስ ይዟል። እናቱን ሳመና ገና ዕቃውን ሳያስቀምጥ ወደ ዶሮው ቤት ሄደ። እሷ ከኋላው እየተከተለች «ፈንግል ገብቶ ልጄ፤ ትናንት ነው፣ በአንድ ቀን ነው የፈጃቸው» ትላለች። ዘመድኩን በሩን ከፍቶ ገባ። ባዶ ቤት ውስጥ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን አወለቀ። ከዚያ ላቡን ጠረገ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ቆርቆሮውን በመዳፉ ነካና መልሶ ሰበሰበው።

ሲወጣ በአጥሩ ላይ የከድጄን ዶሮ ቤት አየ፤ ሣርና ኮባ ለብሶ፣ ዶሮዎቹ በጥላው ሥር ሲጭሩ። ከድጄም እዚያው ነበረች። «እትዬ ከድጄ፣ ቆርቆሮሽን ምን ሆኖ ነው ያለበስሽው?» አላት። ከድጄ ወለተ ሐናን አየች። ወለተ ሐና በዓይኗ ለመነቻት። ከድጄ ግን መደበቁ በቅቷታል። «ለሙቀቱ ነው ልጄ» አለች፤ «ሁላችንም ያለበስነው ለሙቀቱ ነው።»

ዘመድኩን ወደ እናቱ ዞረ። እሷ የጠበቀችው ይቆጣል ብላ ነው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«መቼ ነው መሞት የጀመሩት እማዬ?»

እሷ የዶሮውን ቤት በር ልትዘጋ ሄደች።

«በየእሑዱ ስደውል እየሞቱ ነበር?»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው ልጄ። በእንባህ ያለበስከውን ቤት እንዴት ልበልህ? ጣሪያው ላይ ሆነህ አይቼሃለሁ እኮ።»

«አባዬም ደህና ነው ብለሽኝ ነበር» አለ ዘመድኩን። ድምፁን አላነሣም። «ጉንፋን ነው አልሽኝ። ብትነግሪኝ በሌሊት በእግሬ እመጣ ነበር። ያን ቀን ምንም ያላልኩሽ የአባዬ ትእዛዝ ነው ብዬ ነው። አሁንስ የማን ትእዛዝ ነው? ለእንግዳ ነው የቤት ጉድ የሚደበቀው። እኔ በዚህ ቤት እንግዳ ነኝ?»

ወለተ ሐና አፏን ከፈተች። የሚገባው መልስ ሆዷ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ቤቱ ያንተ ነው፣ ያላንተ ማን አለኝ፣ የደበቅሁህ ተመልሰህ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው ማለት ነበረባት። ግን ዕድሜ ልኳን ችግርን በደህና እየከደነች የኖረች ሴት ናት፤ ሌላ ቃል ቢፈለግ አፏ ውስጥ የለም። «በል ግባ፣ ደክሞሃል፤ ውሃ ላምጣልህ» አለችው።

ዘመድኩን አልገባም። ማጭዱን ካንጠለጠለችበት አወረደ፤ የአባቱን ማጭድ። ከጓሮ ኮባ ቆረጠ፣ ከከድጄ ሣር ለመነ፣ ጣሪያው ላይ ወጣና ፀሐይ እስክትጠልቅ ባዶውን ቤት ሲያለብስ ዋለ። ሰፈሩ በአጥር እያየ ይገረማል። እንደ አባቱ ደራርቦ፣ ጠርዙን ቁልቁል ለቆ ነው የከደነው፤ ዓይኑ ያኔ ልጅ ሆኖ ሲያይ የያዘው ይሆናል። ወለተ ሐና ከታች ሆና ገመድ ታቀብለዋለች።

ሌሊት አብረው ቅዳሴ ሄዱ፣ አብረው ፈሰኩ። ማለዳ ላይ ጉንጯን ስሞ ሄደ። መቼ እንደሚመጣ አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

በሳምንቱ ዝናቡ መጣ፤ በልግም አይሉት ክረምትም አይሉት። ከድጄ ከራሷ ቄቦች ከፍላ ሰጠቻት፤ ሙቀት ይችላሉ ብላ የአበሻ ደም ያለባቸውን መርጣ። ወለተ ሐናም የተረፈላትን ልብ ለእነሱ ሰጠች። በራፉ ላይ ጥላ እንዲሆን ግራዋ ተከለች። ከእንግዲህ ብዙ ከማጎር ጥቂት ይዞ መሸጥ ነው ብላ ወሰነች፤ ለሚያማክሯት ሁሉም ይህንኑ ትነግራለች። ቀትር ላይ ገብታ ስትቆም ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። ዶሮዎቹ አፋቸውን ገጥመው ይጭራሉ። ቤቱ ልጇ እንዳለበሰው ቁጭ ብሏል፤ ቀድሞ ቢለብስ ኖሮ ለፋሲካ ሞልቶ ሊያየው ይችል ነበር።

ዘመድኩን መደወል አልተወም። በየእሑዱ ይደውላል፤ ግን አጭር ነው። መስቀል ሲቃረብ ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በሚገቡ ልጆች ሞላች። አንደኛው፣ እዚያው መርካቶ የሚነግድ ይታገሱ የሚባል ልጅ፣ ሊጠይቃት ጎራ ብሎ «ዘመድኩን ተሻለው?» አላት።

«ምን ሆኖ?»

ልጁ ደነገጠ። «አልሰማሽም? ሱቁን ከዘጋ ሰነበተ እኮ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር አሉ።»

ወለተ ሐና ስልኩን አንሥታ ደወለች፤ እሑድ አልነበረም። ብዙ ጠርቶ አነሣው። ድምፁ የደከመ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

«ልጄ፣ ምን ሆነሃል? አሞሃል አሉኝ። ሱቅህ ተዘግቷል አሉኝ።»

ትንፋሹን ትሰማለች።

«ማን ነው ያስጨነቀሽ?» አላት፤ «ትንሽ ጉንፋን ነው። ለመስቀል አልመጣ ይሆናል፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ እማዬ።»

«ዘመዴ፣ እውነቱን ንገረኝ! እናትህ ነኝ እኮ!»

«ደህና ነኝ አልኩሽ። ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?»

እሷ ከዓለም ሁሉ አስበልጣ የምታውቃት ቃል ናት። ከሥሯ ምን እንደሚቀበር ታውቃለች። ከእሷ እውነት ለመደበቅ ስትባል በጆሮዋ ስትሰማት ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮዋ ሳታወርደው ቆየች።

የመስቀል ዕለት ከክትፎው አንድ ጣባ ለየች። ኮባ አለበሰችውና ገብረወልድ ያኖርበት ከነበረው ቆጥ ላይ አስቀመጠችው። ከድጄ የበዓል ወተት ይዛ መጥታ ጣባውን አየች፤ «ዘመድኩን ሊመጣ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አይመጣም» አለች ወለተ ሐና። «ደህና ነኝ ብሎኛል።»

ከድጄ ወተቱን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።